የእትዬ ዘመናይ ቁርጥ ዋጋ

ሮም ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ የተነገራት ዋጋ ከጉሮሮዋ የማይወርድላት አንዲት ሴት አትጠፋም። ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ታዩዋታላችሁ፤ ሜትሮ ውስጥ ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዋን ጉልበቶቿ መካከል አቁማ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ሌላው ሰው «ስንት ነው?» ይላል፣ መልሱን ይሰማል፣ ከፍሎ ይሄዳል። እሷ ግን የምትጀምረው መልሱን ከሰማች በኋላ ነው። ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን ለእሷ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ አጸፋ ይፈልጋል።

ቤዛ የእነዚህ ሴቶች ሁሉ አለቃ ከሆኑት ጋር ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርታ ኖራለች። ክብርት እትዬ ዘመናይ፣ የፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ባለሙሉ ሥልጣን ተደራዳሪ፣ የምስርና የሽንኩርት ዋና ዳኛ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከወልድያ ተነሥተው፣ አዲስ አበባ ጥቂት ሰንብተው፣ ሮም ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አጭር ናቸው፤ ካፖርታቸው ግን መሬት ሊነካ ምንም ስለማይቀረው ከሩቅ ሲታዩ ድንጋዩ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ጣልያንኛቸውን የተማሩት ከሰው ቤት ወጥ ቤትና ከገበያ ስለሆነ ግሥ ብዙ የለበትም፤ ቁጥር ግን ሞልቶታል። አንዲት ነገር ብቻ ሁልጊዜ በአማርኛ ይሏታል፤ «ቁርጡን ንገረኝ!» ሮማዊውም፣ ቻይናዊውም፣ ባንግላዴሹም ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ገበያው ውስጥ ምስርና ቅመም የሚሸጥ ሻፊቅ የሚባል የባንግላዴሽ ሰው አለ። እትዬ ዘመናይን ከሩቅ ሲያያቸው የምስሩን ካርቶን ገልብጦ ከፍ ያለ ቁጥር ይጽፍበታል። እሳቸውም መገልበጡን ያውቃሉ። ማወቃቸውን እሱም ያውቃል። ከዚያ ምስሩ ይነቀፋል፣ የሻፊቅ ሚዛን ይታማል፣ የልጆቹ ጤና ይጠየቃል፣ እንደገና ምስሩ ይነቀፋል። በመጨረሻ እትዬ ዘመናይ «ተወው በቃ» ብለው ፊታቸውን አዙረው ይራመዳሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። አራተኛውን ተራምደው አያውቁም፤ ከኋላ «ቬኒ፣ ሲኞራ፣ ቬኒ!» የሚል ድምፅ ይጠራቸዋል። ቤዛ ይህ ሁሉ ሲሆን ዓሣ መሸጫው ጋ ሄዳ የዓሦቹን ዓይን ታጠናለች። ከእሳቸው ጋር አለመምጣቷን የሚመሰክሩላት ዓሦቹ ብቻ ናቸው።

ከገበያ ውጭም አያርፉም። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለ መስቀል አንዴ መቶ ስግደት ቢያዟቸው፣ «አባ፣ ጉልበቴን ያውቁታል፤ ሠላሳ ያድርጉልኝና ውዳሴ ማርያሙን በየቀኑ ላድርስ» አሏቸው። አባም ሰው ናቸውና በአርባ አምስት ተስማሙ። አንድ ሐኪም ቤት ለዓይናቸው ምርመራ ቀጠሮው ለኖቬምብሬ ነው ቢላቸው፣ «ኖቬምብሬ በዛ፤ ማርሶ አድርጊው» ብለው መስኮቱ ላይ ክርናቸውን አስደገፉ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ፈተሸች፤ የቀረ ሰው ተገኘና የማጆ፣ የግንቦት፣ ቀጠሮ ይዘው ወጡ። ዝናብ ሲጥል እንኳ በር ላይ ቆመው ሰማዩን ቀና ብለው ያዩና «አሥር ደቂቃ ይበቃል» ይላሉ። አንዳንድ ቀን በእውነት በአሥር ደቂቃ ያባራል።

ከዚያ ኑሮ ተወደደ።

ሁልጊዜም ርካሽ አልነበረም። ያሁኑ ግን እንደ ጉም ነው የመጣው፤ ከየት እንደተነሣ ማንም ሳያይ ቤቱን ሁሉ ሞላው። ሱፐርመርካቶ ውስጥ የወይራ ዘይት አንገቱ ላይ የሌባ ደወል ታሰረለት። የመብራትና የጋዝ ቦሌታ ሲመጣ ሰው ፖስታውን ሳይከፍት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ያሳድረው ጀመር። ከአዲስ አበባ የሚደወለው ስለ ዘይት ያወራል፤ ከሮም የሚመለስለትም ስለ ዘይት ነው። ቤዛን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ግን አግዳሚ ወንበሮቹ ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚዎቹ በነጠላና በሹራብ ይሞላሉ። በዚህ ዓመት ማክሰኞም መሙላት ጀመሩ። ቀጥሎ ሰኞ። ሰዓታቸው የተቀነሰባቸው ሴቶች፣ አሠሪያቸው «ይቅርታ፣ አልቻልንም» ያሏቸው ሴቶች፣ ዛፍ ላይ የሚንጫጩትን አረንጓዴ በቀቀኖች እያዩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ቤዛ በዚያ ስታልፍ እርምጃዋን ታፈጥናለች፤ ዝምታቸው የሚጋባ ይመስላት ነበር።

እሷ የምትሠራው ከዚያው አደባባይ ሁለት መንገድ አልፎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲኞራ ኦርኔላ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ዘንድ ነው። ሲኞራ ኦርኔላ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው አራት መኝታ ክፍል አለው፤ ሁለቱ ተዘግተው የቤት ዕቃው ነጭ አንሶላ ለብሷል። ማሞቂያው በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። በቀረው ጊዜ ቤዛና ሲኞራዋ ፀሐይ ይከተላሉ። ጠዋት በምሥራቁ መስኮት የምትገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ እንደ ድመት ትጋደማለች፤ ቤዛ የአሮጊቷን ወንበር እሷ ላይ ታቆማለች። ብርሃኗ ስትንቀሳቀስ ወንበሩን እየገፋች ትከተላታለች፤ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ወጥ ቤት። እንዲህ ቤቱን ዞረው ሲጨርሱ ቀኑ ይመሻል። ሲኞራ ኦርኔላ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ነው። ቤዛን አንዳንዴ በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯት ነበር፤ አንዳንዴ ምንም ብለው አይጠሯትም ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ደግሞ ጨርሰው መናገር ትተዋል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ዳቪዴ ይባላል። ስልሳ ሊሞላው ነው። የሚሠራበት ማተሚያ ቤት የሥራ ሰዓቱን በግማሽ ቀንሶበታል። በጥር አንድ ቀን መጥቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመ።

«ቤዛ፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም» አለ። «እናቴን ቪቴርቦ አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት ላስገባት ነው። ይህን ቤት አከራይቼ በኪራዩ እከፍልላታለሁ። እስከ ፌብራዮ መጨረሻ አብረሽን ነሽ፤ ከዚያ በኋላ…»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቤዛ ራሷ ታውቀዋለች። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በአፕሪሌ ነው፤ ኮንትራት ከሌለ የሚታደስ ነገር የለም። ስምንት ዓመት ሥራ፣ ስምንት ዓመት ወረፋ፣ ስምንት ዓመት የጣት አሻራ፣ አንዲት ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ታያት። ሲኞራዋን ዞራ አየች። ፀሐዩ ከጉልበታቸው ወርዶ ጫማቸው ላይ ደርሷል፤ ልጃቸው ያለውን አልሰሙም። ቤዛ ሌላ የምታደርገው ስለጠፋት ወንበሩን ገፋችው።

ማታ ፖንቴ ማሞሎ የሚባለው ሰፈር ያለው የጋራ ክፍላቸው ሲገቡ ለእትዬ ዘመናይ ነገረቻቸው። ጫማቸውን እያወለቁ ሰሟት፤ አንዱን አውልቀው ሌላው እግራቸው ላይ እንዳለ ቆዩ።

«ነገ አብሬሽ እመጣለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ እባክዎ። ይሄ ምስር አይደለም።»

«ምስር ነው አልኩሽ?»

«ሰውየው ቸግሮታል። እርስዎ መጥተው ቁርጡን ንገረኝ ቢሉት አፍሬ እሞታለሁ።»

እትዬ ዘመናይ ሁለተኛውን ጫማ አወለቁ። «አትሞቺም» አሉ። «ስንት ጊዜ አፍረሽብኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ሞተሽ አታውቂም።»

በማግሥቱ በእርግጥ መጡ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ከገበያው ስድስት ብርቱካን ገዝተዋል፤ ከስንት ጀምረው በስንት እንደገዙት ቤዛ አልጠየቀችም። ዳቪዴ አስቀድሞ ደርሶ፣ በእጁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ፣ የተዘጉት ክፍሎች ውስጥ ቁም ሣጥኖቹን ይለካል። ሊሸጣቸው ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እሱ «አክስትሽ ናት?» አለ፤ ቤዛም ለማስረዳት ስለደከማት ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ ዘመናይ ቤቱን እያዩ ቀስ ብለው ገቡ። አንሶላ የለበሱትን ወንበሮች አዩ። የቀዘቀዘውን ማሞቂያ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሳሎን ሲደርሱ ሲኞራ ኦርኔላ የጠዋቷ ብርሃን መካከል ተቀምጠዋል፤ ነጭ ፀጉራቸው ላይ አቧራው እየተንሳፈፈ የበረዶ ብናኝ መስሏል። እትዬ ዘመናይ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ አፉ ተከፈተና ብርቱካኖቹ አንድ በአንድ ተንከባለሉ።

የሲኞራዋ እጅ ከጭናቸው ተነሥቶ አንዱን ብርቱካን ጠርዙ ላይ ያዘው።

አገላብጠው አዩት። አሸተቱት። ሁለተኛውን ሳቡ፣ ሦስተኛውን ሳቡ። ሦስቱን ከሥር፣ ሁለቱን ከላይ፣ አንዱን ጫፍ ላይ አድርገው ደረደሩና በእጃቸው ጀርባ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያም ቀና አሉ። ዓይናቸው ተከፍቷል።

«ዲካ፣ ሲኞራ» አሉ፤ ምን ልስጥዎ እንደሚል ባለ መደብር።

ቤዛ ከመስከረም ጀምሮ ያልሰማችው ድምፅ ነው። እትዬ ዘመናይ ወደ ቤዛ አዩ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት የገዟቸውን የራሳቸውን ብርቱካኖች አዩ፤ የካፖርታቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

«ኳንቶ?» አሉ።

«ኪሎው መቶ ሊሬ።»

ሊሬ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብርቱካን በመቶ ሊሬ የተሸጠበት ዘመን ደግሞ ሲኞራ ኦርኔላ ገና ልጃገረድ ሳሉ ነው። ለእትዬ ዘመናይ ግን ዘመኑ ችግር አልሆነባቸውም።

«መቶ! የት አገር ነው ያለነው? ሃምሳ።»

«ሃምሳ? ዛሬ ጠዋት ከሲሲሊ የገባ ነው። ቅጠሉን ይዩት!»

ብርቱካኖቹ ላይ ቅጠል አልነበረም።

«ቅጠሉን አየሁት» አሉ እትዬ ዘመናይ። «ደርቋል። ስልሳ።»

«ዘጠና። እሱንም አባቴ ከሰማ ይገድለኛል።»

«አባትሽን ጥሪው፤ እኔ አናግረዋለሁ።»

«እንቁላል ሊያመጣ ሄዷል» አሉ ሲኞራ ኦርኔላ ፈጠን ብለው፣ ጉንጫቸው እየቀላ። «ሰማንያ አምስት። ለእርስዎ ብቻ።»

«ተዪው በቃ» አሉ እትዬ ዘመናይና ፊታቸውን አዙረው ወደ በሩ ተራመዱ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ቬንጋ፣ ቬንጋ! ሰባ አምስት!»

ተመለሱ። ከኪሳቸው ያለቀ የሜትሮ ቲኬት አውጥተው በክብር አቀረቡ። ሲኞራ ኦርኔላ ቲኬቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው መረመሩት፣ የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፣ ከሻይ ሳህኑ ላይ አንድ ብስኩት አንሥተው መልስ ሰጡ። «ነገም ይምጡ» አሉ። «ነገ ሎሚ ይኖረናል።»

ቤዛ ዞር ስትል ዳቪዴ በሩ ላይ ቆሟል። ሜትሩ ከእጁ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«አያቴ እዚህ አደባባዩ ላይ እንቁላልና ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። «እሷም በልጅነቷ ታግዘው እንደነበር ሰምቻለሁ። አስተማሪ ከሆነች በኋላ ግን አንድ ቀን አውርታው አታውቅም። ታፍርበት ነበር መሰለኝ። ይህን ድምፅ… እኔ ሰምቼው አላውቅም።»

ወጥ ቤት ገብተው ሦስቱም ተቀመጡ። ቤዛ አሁን «ቁርጡን ንገረኝ» ይመጣል ብላ ዓይኗን ሲኒዎቹ ላይ ተክላለች። እትዬ ዘመናይ ግን ሰውየውን ያዩት ነበር፤ የሸሚዙን ኮሌታ፣ ያልተላጨ ጢሙን፣ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት የተቀመጠውን ፖስታ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«አልፈልግም አይደለም፣ ሲኞራ። የለኝም።»

እትዬ ዘመናይ ወደ ቤዛ ዘወር ብለው በአማርኛ፣ «እውነቱን ነው፤ የለውም» አሉ። «የሚደብቅ ሰው እጁን ነው የሚያየው። ይሄ ዓይኔን እያየ ነው። አንዳች ነገር እንዳትጠይቂው።»

ቀጥለው በዚያ ግሥ በሌለው ጣልያንኛ ጀመሩ። ቤዛ የጎደለውን ትሞላለች። ቤቱን ለሌላ ሰው ለምን ታከራያለህ? ሁለት ክፍል ባዶ ነው። አንዱን ለእኔ፤ ፖንቴ ማሞሎ የምከፍለውን ለአንተ እከፍልሃለሁ። ሁለተኛው የቤዛ፤ ኪራይ አትከፍልም፣ አንተ ደግሞ የምትከፍልላትን ሰዓት በሲሶ ትቀንሳለህ። ኮንትራቷ ግን አይነካም። ከሰዓት እሷ ሌላ ቦታ ስትሠራ እኔ ከእናትህ ጋር እቀመጣለሁ፤ እኔም ሰዓቴ ተቀንሷል፣ ጊዜ አለኝ። እናትህ ከቤቷ አትወጣም።

እዚህ ላይ ቤዛ መተርጎሙን አቆመች። «ሰዓትዎ ተቀንሷል? መቼ?»

«በታኅሣሥ።»

«አልነገሩኝም እኮ!»

«ብነግርሽ ትጨምሪልኝ ነበር? ተርጉሚ።»

ዳቪዴ ወረቀት ፈልጎ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ቪቴርቦ ያለውን ቤት ከዚህ ጋር አስተያየ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ፀሐይ ደርሳ ሲኒዎቹን ነካች፤ ከሳሎን ሲኞራ ኦርኔላ ለማይታይ ደንበኛ አርቲቾክ ስለሚባለው አትክልት ሲያስረዱ ይሰማል። በመጨረሻ ሰውየው እስክሪብቶውን አኖረና፣ «ይቻላል» አለ። «እስከ ሐምሌ ድረስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

«ከሐምሌ በኋላ ያለውን ማን ያውቃል?» አሉ እትዬ ዘመናይ። «አሁን ማሞቂያው።»

«ማሞቂያው ምን ሆነ?»

«ሁለት ሰዓት አይበቃም። አራት።»

ቤዛ ዓይኗን ጨፈነች። በሁለት ሰዓት ተኩል ተስማሙ።

ሲወጡ ሊመሽ ነበር፤ የአደባባዩ በረንዳዎች ሥር ፋኖሶቹ በርተዋል። ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግራቸው ሄዱ። ጣቢያው ላይ የሮም ወፎች በሺህ በሺህ ሆነው ሰማዩን እንደ ጥቁር ሻሽ ሲያጥፉና ሲዘረጉ፣ ሰዎች ሻንጣቸውን አቁመው ቀና ብለው ያያሉ። እትዬ ዘመናይም ቆሙ። ቤዛ ለረጅም ጊዜ ልትጠይቃቸው ያሰበችውን አሁን ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ ለሁለት መቶ ግራም ምስር እንኳ ሩብ ሰዓት መከራከር ምንድን ነው? አይደክምዎትም?»

ወፎቹ አንዴ ጨለሙ፣ አንዴ ነጡ።

«እዚህ አገር ስገባ» አሉ፣ «የተቀጠርኩባቸው ሰዎች በጣት ነበር የሚያዙኝ። ይሄ፣ ያ። አራት ወር ሙሉ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሽንኩርት ግዢ ብለው ላኩኝ። ስንት ነው አልኩት ሰውየውን፤ ነገረኝ። በዛ አልኩት፤ ለምን እንደበዛ አስረዳኝ። ሚስቱ መጣች፣ ጎረቤቱ መጣ። ሁሉም ለእኔ ነበር የሚያወሩት፣ ልጄ። ዓይን ዓይኔን እያዩ። ሽንኩርቱን ይዤ እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ከሽንኩርቱ የተነሣ መስሏቸው ሳቁ።» ካፖርታቸውን ሳብ አደረጉ። «ዋጋውማ ምን ሊሆን ነው። በይ፣ ባቡሩ ያመልጠናል።»

በፌብራዮ መጀመሪያ ዕቃቸውን ጭነው ገቡ። ነገሩ ሁሉ ማር ነበር ማለት አይቻልም። ቤዛ ከሰዓት ከሰዓት አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ወለል ማጽዳት ጀመረች፤ ማታ ወገቧን ይቆረጣጥማታል። እትዬ ዘመናይ ማሞቂያው ሥር ቆመው ሁለት ሰዓት ተኩሏን በሰዓታቸው ይጠብቃሉ፤ አንዲት ደቂቃ ብትጎድል ዳቪዴ ይደወልለታል። ሲኞራ ኦርኔላም አልዳኑም። ብዙ ቀን ከዓይናቸው ጀርባ ያለው መብራት ጠፍቶ ይውላል። ሆኖም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ፀሐይ ወጥ ቤቱ ላይ ስትደርስ፣ ጠረጴዛው ገበያ ይሆናል። ሎሚ፣ አርቲቾክ፣ ያልተቀቀለ ፓስታ፣ የቤዛ ጓንት፣ ሁሉም ይደረደራል፣ ሁሉም ዋጋ ይወጣለታል። ቤዛ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሳለች ጩኸታቸው ይሰማታል፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ሁለት አሮጊቶች በጠፋ ገንዘብ በሌለ ቅጠል ላይ ይጣላሉ። አንዳንዴ በሩን ሳትከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታዳምጣቸዋለች። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል የሚሰማት ዓይነት ደስታ ይሰማታል፤ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ እግሯን ይሞቃታል።

ለፔርሜሶው እድሳት አዲሱ አድራሻ መመዝገብ ነበረበት። በማርሶ አንድ ጠዋት ሁለቱም የነዋሪዎች መዝገብ ቢሮ ሄዱ። ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሷል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጸሐፊ ፊት ተቀመጡ። ሴትዮዋ ደክሟታል፣ ግን ክፉ አይደለችም። ፓስፖርታቸውን አየች፣ የኪራዩን ወረቀት አየች፣ ቅጹን ከላይ ወደ ታች በእስክሪብቶ ጫፍ ትወርድ ጀመር።

«ከቤቱ ባለቤት ጋር፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ተከራይና አከራይ፤ ይህ ገብቶኛል። እናንተ ሁለታችሁስ? ዝምድና አለ?»

«የለም» አለች ቤዛ።

«እናትና ልጅ፣ አክስት፣ በጋብቻ የመጣ…?»

«የለም።»

«ቪንኮሎ አፌቲቮ?»

ቤዛ ቃላቱን ታውቃቸዋለች፤ ቅጽ ላይ ግን አይታቸው አታውቅም። ጸሐፊዋ ቅጹን አዙራ አሳየቻት። እውነትም ከዝምድናው፣ ከጋብቻውና ከጉዲፈቻው ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ አጠገቡ ምልክት የሚደረግባት ባዶ ሣጥን አለች።

«ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ዘመናይ።

ቤዛ እንዴት ብላ እንደምትናገረው ጠፋት። ለስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ፣ ሲኮራረፉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ስታስታምም፣ እንዲህ ያለ ቃል በመካከላቸው ወጥቶ አያውቅም።

«የሥጋ ዝምድና የላችሁም» አለች በመጨረሻ፣ ቅጹን እያየች። «ግን ትዋደዳላችሁ ወይ፣ ነው የምትለው። ከሆነ አንድ ቤተሰብ ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ።»

«መንግሥት ነው ይህን የሚጠይቀው?»

«አዎ።»

«በወረቀት?»

«በወረቀት።»

እትዬ ዘመናይ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ አንዱን መስተዋት ጠረጉ፣ ሌላውን ጠረጉ፣ መልሰው የመጀመሪያውን ጠረጉ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ወደ ቤዛ ገፋ አደረገችላት። ከመስኮቱ የመጣ ፈዛዛ ብርሃን ቅጹ ላይ አርፏል። ቤዛ እስክሪብቶውን አንሥታ ሣጥኗ ላይ ስታደርስ እጇ ቆመ፤ ቀና ብላ እሳቸውን ለማየት አልደፈረችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እትዬ ዘመናይ። «ፈርሚ እንጂ። ከኋላችን ሰው ቆሟል።»